የነጭ የደም ሴሎችን አደብ ለማስያዝ የወጣ አዋጅ

ስማ ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

የነጭ የደም ሴሎች ሠራዊት ለሰውነት የዋለው ውለታ የማይካድ በመሆኑ፤ ሆኖም አንዳንድ አባላቱ ዘብ የቆሙለትን ቤት ራሱን ሲደበድቡ በመገኘታቸው፤ የሰውነት ሸንጎ፣ ትርፍ አንጀት ድምፀ ተአቅቦ ባደረገበት ጉባኤ፣ የሚከተለውን አውጇል።

አንቀጽ 1፦ ስለ ውለታ። ኩፍኝ ይዞት የዳነ ልጅ ዳግም የማይያዘው የማስታወሻ ሴሎች የቫይረሱን መልክ መዝግበው ስለሚይዙ ነው። ክትባትም የሚሠራው ይህንኑ መዝገብ ቀድሞ በማስሞላት ነው። በዚህ ዘዴ ፈንጣጣ ከምድረ ገጽ መጥፋቱ እ.ኤ.አ. በ1980 ስለታወጀ ሠራዊቱ ሜዳልያ ይገባዋል።

አንቀጽ 2፦ ስለ ምልመላ። ቲ ሴሎች ደረት ውስጥ ባለው የታይመስ ዕጢ ሲሠለጥኑ፣ የገዛ ሰውነታቸውን ለማጥቃት የሚቃጣቸው ሳይመረቁ ይወገዳሉ። ፈተናውን ሾልከው ያለፉ መኖራቸው ግን ተደርሶበታል።

አንቀጽ 3፦ ስለ ልብ አቤቱታ። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ የልጅ ጉሮሮ ሲያቆስል ፀረ እንግዳ አካላት ይዘምታሉ። ከባክቴሪያው ፕሮቲኖች አንዳንዶቹ የልብን ስለሚመስሉ ግን፣ ጉሮሮው ከዳነ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ዘማቾቹ መገጣጠሚያና ልብ ላይ ይወርዳሉ። ጥቃቱ ሲደጋገም የልብ ቫልቮች ይጠባሉ፤ ወይም አልገጥም ብለው ደም ወደ ኋላ ይመልሳሉ። በኢትዮጵያ ብዙ ወጣቶችን በልብ ሕመም የሚያስተኛው ይኸው የሩማቲክ የልብ በሽታ ነው። ሸንጎው መርምሮ በልብ ላይ ከመልክ መመሳሰል ሌላ ጥፋት አላገኘም።

አንቀጽ 4፦ ስለ ቆሽት። በዓይነት 1 የስኳር በሽታ ኢንሱሊን አምራች ሴሎችን የሚፈጁት እነዚሁ ጠባቂዎች ናቸው። ካሳ አይከፍሉም፤ ታማሚው ዕድሜ ልኩን ኢንሱሊን ይወጋል።

አንቀጽ 5፦ ስለ ተቆጣጣሪ። ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ እ.ኤ.አ. በ1995 ይፋ ያደረጓቸው ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች ግልፍተኞችን የማስታገስ ሥልጣናቸው ጸንቷል። ሳካጉቺ በዚሁ መስክ በ2025 ከሜሪ ብሩንኮና ከፍሬድ ራምስዴል ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

አንቀጽ 6፦ ሠራዊቱን መበተን ክልክል ነው። ኤች አይ ቪ ሲዲ4 ሴሎችን ሲፈጅ፣ ሳንባ ውስጥ አድፍጦ የኖረ ቲቢ ምን እንደሚያደርግ አገር ያውቃል።

አንቀጽ 7፦ ስለ ወላጆች ግዴታ። ጉሮሮውን ያመመውና ያተኮሰው ልጅ እንጥል ቆራጭ ዘንድ ሳይሆን ጤና ጣቢያ ይወሰድ። በሽታው ልቡን የነካው ልጅም በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚሰጠውን የፔኒሲሊን መርፌ «ድኛለሁ» ብሎ እንዳያቋርጥ፤ መቼ እንደሚቆም የሚወስነው ሐኪሙ ነው።