አንድ ሰዓት በደብሊን፦ በሲ.ኤም.ሲ ስለሚታየው ናፍቆት የተደረገ ጥናት

ከጉርድ ሾላ እስከ አያት አደባባይ ባለው መስመር፣ በተለይም በሲ.ኤም.ሲ ሚካኤል ግራና ቀኝ፣ ሐኪሙም የማኅበረሰብ ተመራማሪውም በዝምታ ያለፉት አንድ ሕመም አለ። ታማሚው ውጭ አገር ደርሶ የተመለሰ ሰው ነው። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ሥራ ይገባል፣ ዕድሩን ሳያጓድል ይከፍላል። ነገር ግን መብራት ሲጠፋ፣ ውኃ ሲቋረጥ፣ አለዚያም ማኪያቶው ትንሽ ሲዘገይ ዓይኑ ወደ የካ ተራራ ይሄድና «እዚያ እኮ…» ይላል። ከዚያ ወዲያ አይቀጥልም። ሐሳቡን መጨረስ ከቻለ ሕመሙ ገና አልጸናበትም።

ሠፈሩ ለጥናት የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ሲ.ኤም.ሲ የሚለው መጠሪያ ራቬና ከምትባል የጣሊያን ከተማ የመጣ የግንበኞች ኅብረት ሥራ ማኅበር ምህጻረ ስም ነው። ነዋሪው ለታክሲ ረዳት መውረጃውን በነገረ ቁጥር የባሕር ማዶ ድርጅት እየጠራ ነው። በመሐሉ የሚያልፈው፣ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚመላለሰው ቀላል ባቡር በቻይና ኩባንያ ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አሠራሩን ከያዙት መካከል የሸንዘን ሜትሮ ይገኝበት ነበር። ስለዚህ በንድፈ ሐሳብ ደረጃ ሸንዘን የናፈቀው የሲ.ኤም.ሲ ሰው ቲኬት ቆርጦ ከመሳፈር ሌላ ሕክምና ባላስፈለገው። በተግባር ግን ይኸው ሰው በሥራ መውጫ ሰዓት ከበሩ ጋር ተጣብቆ መገናኛ ሲደርስ የሚናፍቀው ሸንዘንን ሳይሆን አየር ነው።

ሕመሙ የትናንት አይደለም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ከአድዋ ድል በኋላ ሩሲያ ተወስደው፣ እዚያው የመድፍ ትምህርት ተምረው የተመለሱ ሰው ነበሩ። በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን የጽሑፍ ሕገ መንግሥት እንዲያረቁ ሲታዘዙ ግን ዋና አብነት ያደረጉት ያደጉበትን አገር ሳይሆን የጃፓንን የሜይጂ ሕገ መንግሥት ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ደግሞ ጃፓንን በዓይናቸው ያዩት ሕገ መንግሥቱ ከታወጀ ከወራት በኋላ ነው። ናፍቆቱ ቀደመ፣ ጉዞው ተከተለ። ይህ ቅድመ ጉዞ ናፍቆት ዛሬም በየኤምባሲው በር ላይ በብዛት ስለሚታይ ማብራሪያ አያሻውም።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጉዳይ ግን ልዩ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1940፣ የተሰደዱት ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ በፍል ውኃዋ ወደምትታወቀው የእንግሊዝ ከተማ ወደ ባዝ ነው። ፍልውሃ ሥር ከተቆረቆረች መዲና ተነሥቶ ሌላ ፍልውሃ ዘንድ ማረፍ፣ ስደትም ቢሆን፣ በጥሩ ምርጫ የተደረገ ስደት ነው። ወደ ዙፋናቸው ከተመለሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1954 ሄደው ጎበኟት። በ1958 ደግሞ የኖሩበትን ፌርፊልድ ሀውስ ለአረጋውያን መገልገያ እንዲሆን ለከተማዋ ሰጡ። ናፍቆትን በሕጋዊ ሰነድ ለሌላ ወገን ማስተላለፍ እንደሚቻል ያሳየ፣ በሲ.ኤም.ሲ ግን እስካሁን ማንም ያልሞከረው ዘዴ ነው። በሲ.ኤም.ሲ ቤት ይከራያል እንጂ አይሰጥም።

ወደ ምደባው እንግባ። ጥናቱ የተመሠረተበት ሕግ አጭር ነው፦ በከተማው የቆየበት ጊዜ ባጠረ ቁጥር ናፍቆቱ ይበረታል።

ሕጉ በመጀመሪያ የሚረጋገጠው በነባሮቹ ነው። ሃያ ዓመት ዋሽንግተን ኖሮ፣ በሲ.ኤም.ሲ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሠርቶ የገባው ሰው ስለ ዋሽንግተን አይናገርም። ለረጅም ጊዜ ያያት ከመኪና ማቆሚያ ቤት የመስታወት ዳስ ውስጥ፣ ያውም በሌሊት ፈረቃ ነው። ናፈቀህ ወይ ሲሉት ትንሽ ያስብና «ፖስታ በሰዓቱ ይመጣ ነበር» ይላል። ፖስታው የሚያመጣለት ሒሳብ እንደነበረ ያስታውስና ዝም ይላል።

ሁለተኛው ክፍል የተማሪዎቹ ነው፤ የሞስኮ፣ የኪየቭ፣ የታሽከንት፣ የሃቫና። እዚህ ላይ ጥናቱ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በጦርነት የወደቁ ወታደሮችን ልጆች ጨምሮ ብዙ ሕፃናት ወደ ኩባ ተልከው በወጣቶች ደሴት አድገዋል። ዛሬ ጎልማሶች ናቸው፤ ሲገናኙ ስፓኒሽ ያወራሉ፤ በእነሱ የሚያሾፍ ሰው ራሱን መመርመር አለበት። የሌኒንግራዶቹ ችግር ደግሞ ሌላ ነው። ከተማቸው እ.ኤ.አ. በ1991 ስሟን ቀየረች፤ በዚያው ዓመት አገሩም ራሱ ፈረሰ። ቪዛ የሚጠየቅበት መንግሥት የሌለው ናፍቆት የሚታከመው ፒያሳ አካባቢ ከድሮ የክፍል ጓደኛ ጋር ተቀምጦ በመጨቃጨቅ ነው።

ሦስተኛው የዎርክሾፕ ተመላሽ ነው፤ አምስት ቀን ጄኔቫ። የስም ባጁ እስካሁን የመኪናው መስታወት ላይ ተንጠልጥሏል። ጄኔቫ ሆቴል ያረፈ እንግዳ የከተማውን ትራምና አውቶቡስ ያለ ክፍያ እንደሚጠቀም ለሚሰማውም ለማይሰማውም ይነግራል፤ እውነቱንም ነው። «እዚያ እኮ ሰው ይሰለፋል» የሚለው ግን መገናኛ ታክሲ ተራ ላይ፣ ድልድዩን አልፎ በተጠማዘዘ፣ አንድም ሰው በማይጋፋበት ሰልፍ መሐል ቆሞ ነው። ጥልቅ ምርመራ ሲደረግለት ግማሹ ናፍቆት ለከተማው፣ ግማሹ ለውሎ አበሉ ሆኖ ይገኛል።

አሁን ወደ አራተኛውና ወደ ዋናው ክፍል ተደርሷል፤ ወደ ነዳጅ ናፍቆት።

መንስኤው አካላዊ ነው። ቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ክንፉንም ሞተሩንም ያደክማል። አውሮፕላኑ መንገደኛውንም አትላንቲክን የሚያሻግር ነዳጅም ሞልቶ ከዚህ መነሣት ይከብደዋል። ስለዚህ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዋሽንግተን ሲበር መንገድ ላይ አርፎ መቅዳት ነበረበት፤ መጀመሪያ ለዓመታት ሮም፣ በኋላ ደብሊን። ወደ ኒውርክ የሚሄደው ደግሞ በሎሜ በኩል ሆነ። ሲመለስ ግን የዋሽንግተኑ ደለስ አየር ማረፊያ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ስለሆነ አውሮፕላኑ ነዳጁን ሞልቶ ይነሣና የትም ሳይቆም ቦሌ ይገባል።

ጥፋተኛ ከተፈለገ ታሪክ ውስጥ ነው ያለው። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ መጀመሪያ የከተሙት 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው እንጦጦ ላይ ነበር። በ1879 ዓ.ም. እቴጌይቱ ወደ ፍልውሃ ወርደው አዲስ አበባን መቆርቆራቸው ለአቪዬሽን የተደረገ ትልቅ ውለታ ነው፤ ግን በቂ አልነበረም። ትንሽ ወረድ ብለው አዋሽ ዳር ቢደርሱ ኖሮ ዛሬ ደብሊንን የሚናፍቅ የሲ.ኤም.ሲ ሰው ባልኖረ።

አሁን ግን አለ። ደብሊን ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል የተቀመጠ፣ ደብሊንን ያልረገጠ ሰው። በረራው ከቦሌ ማታ ተነሥቶ ደብሊን ያርፍ የነበረው አብዛኛውን ጊዜ ጎሕ ሳይቀድ ነው። መንገደኛው አይወርድም። መብራት ይበራል፣ የበረራ ሠራተኞች ይለወጣሉ፣ በሩ ይከፈታል፣ ቀዝቃዛ አየር ይገባል። ይህ አየር በናፋቂው ትውስታ ውስጥ «የአየርላንድ ጠረን» ተብሎ ተመዝግቧል። ጥናቱ እንዳረጋገጠው የነዳጅ ጠረን ነው።

የነዳጅ ናፍቆት እንደ መቀመጫው ይከፈላል። የመስኮት ናፋቂ ማስረጃ አለው፦ እርጥብ አስፋልት፣ ቦቴ መኪናና አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሶ ቱቦ የሚጎትት አንድ ሰው። ከዚህ አንድ ሰው ተነሥቶ አየርላንዶች ትጉሆች፣ ዝምተኞችና ዝናብ የማይበግራቸው ሕዝብ መሆናቸውን ይተነትናል። በመስኮት ናፋቂዎች መካከልም መከፋፈል አለ። በግራ የተቀመጡት ተርሚናሉን ስላዩ ደብሊን በብርሃን ያሸበረቀች ከተማ ናት ይላሉ። የቀኞቹ ያዩት ጨለማና ሣር ስለሆነ ደብሊን ገጠር ናት ባዮች ናቸው። ከሚካኤል ፊት ለፊት ባለ አንድ ካፌ በዚህ ጉዳይ ሁለት ባልንጀሮች ተኳርፈው ሰንብተዋል፤ ያስታረቃቸው ሦስተኛ ሰው በሮም ዘመን የሄደ ሲሆን፣ ሁለቱንም በንቀት አይቶ «እኛ የምንቀዳው እኮ ሮም ነበር» አላቸው። ሁለቱም በእሱ ላይ ተባበሩ። የሎሜዎቹ በዚህ ክርክር ድምፅ የላቸውም።

የመተላለፊያ መቀመጫ ናፋቂ ያየው የጎረቤቱን ማጅራት ብቻ ነው። ይህ ግን ናፍቆቱን አልቀነሰበትም።

ከሁሉ የሚበልጠው በእንቅልፍ ያለፈው ነው፤ ለዚህም ምሳሌ የሚሆኑት ልጃቸውን ለማረስ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚሄዱ እናት ናቸው። እንዲህ ያሉ እናት የሌሉበት በረራ የለም። በርበሬው፣ ሽሮው፣ አጥሚት የሚሆነው እህል ሁሉ ተጭኗል። ከቦሌ ሲነሡ ጸሎታቸውን አድርሰው ይተኛሉ። መብራት ሲበራ ይነቃሉ፤ አውሮፕላኑ ቆሟል። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጫማቸውን አድርገው፣ አጠገባቸው ያለውን ልጅ «በል ልጄ፣ እንኳን በሰላም ገባን፤ ሻንጣዬን አውርድልኝ» ይሉታል። ያወርድላቸዋል፤ ትልቅ ሰው አዝዞት እንዴት እንቢ ይላል? አስተናጋጇ ደርሳ «እማዬ፣ ገና ነው፣ እዚህ ነዳጅ ለመቅዳት ነው፤ ይቀመጡ» ስትላቸው ይቀመጣሉ፣ ሻንጣውም ይመለሳል። ከዚያ ስድስት ወር ሙሉ ስምንተኛ ፎቅ ላይ፣ በረዶ በመስኮት እያዩ፣ ልጅ ሲያቅፉ ይከርማሉ። ሲመለሱ ጎረቤት ሊጠይቃቸው ይሰበሰብና ከአሜሪካ የትኛው ቦታ ደስ እንዳላቸው ይጠይቃል። «ያቺ መጀመሪያ የደረስንባት» ይላሉ እማዬ። «ሰዉ ጨዋ ነው። ማንም ውጪ ግቢ አላለኝም።»

ናፍቆቱ የሚያገረሽበት ቦታም ተለይቷል፤ ነዳጅ ማደያ ነው። እጥረት በሆነ ሰሞን የመኪናው ሰልፍ ከማደያው ወጥቶ አስፋልቱን ይዞ ወደ መሪ አቅጣጫ ይረዝማል። ናፋቂው ሞተሩን አጥፍቶ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ ክንዱን በሩ ላይ ጥሎ ተቀምጧል። አጠገቡ ያለው ባለ ላዳ ሰላም ሲለው ያ ሰው፣ ያ ቱቦ፣ ያ ዝናብ ይመጣበታል። «ደብሊን እኮ» ይላል፣ «ነዳጁ ራሱ አንተ ወዳለህበት ይመጣል።» ባለ ላዳው አያምነውም። ግን ፍጹም እውነት ነው፤ በጥናቱ ሂደት ከጄኔቫው ትራም በቀር ያለ አንዳች ማጋነን የተነገረ ብቸኛው የውጭ አገር ወሬ ይህ ሆኖ ተገኝቷል።

ስለ ዱባይና ስለ ቤይሩት ተመላሾች አምስተኛ ክፍል ለማቋቋም ታስቦ ነበር። ነገር ግን በሰው ቤት አሳር ዐይቶ የተመለሰ ሰው ትዝታ እንደ መቀመጫ ቁጥር የሚመደብ ስላልሆነ ቀርቷል።

በቢሾፍቱ አቅራቢያ የሚሠራው አዲሱ አየር ማረፊያ ከቦሌ በጥቂት መቶ ሜትሮች ዝቅ ያለ መሬት ላይ ነው። አውሮፕላን ከዚያ የበለጠ ጭኖ መነሣት ስለሚችል የነዳጅ ናፍቆት በአንድ ትውልድ ውስጥ ሊጠፋ የሚችል ዝርያ ነው። ደብሊንን ገና ያላየ አንባቢ ትኬቱን ከመቁረጡ በፊት በየት በኩል እንደሚበር ይጠይቅ፤ በደብሊን ከሆነ የመስኮት መቀመጫ ይያዝ፤ በግራ በኩል ቢሆን ይመረጣል።