የክቡር ማዕረግ የሕይወት ታሪክ፤ ነታኒያ ላይ የተነበበ

ወገኖቼ፣ ድንኳኑ ሞልቷልና የቆማችሁ ቀረብ በሉ። የሟችን የሕይወት ታሪክ እንዳነብ ታዝዣለሁ።

ክቡር ማዕረግ ከአባታቸው ከጦር ሰፈር፣ ከእናታቸው ከግብር አዳራሽ ተወለዱ። በዘመቻ በቀኝ ቀኛዝማች፣ በግራ ግራዝማች፣ ከፊት ፊታውራሪ ሆነው ዋሉ። እየሰነበቱ ግን ጦር ሜዳ ያላየውንም ማክበር ለመዱ፤ ተፈሪ መኮንንን በ13 ዓመታቸው ደጃዝማች ያሰኙ እሳቸው ናቸው። ደግነታቸውም አይካድ፤ ምርኮኛ የነበሩትን ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴን ፊታውራሪ ብለው ለጦር ሚኒስትርነት አብቅተዋል።

ከእኛ ከቤተ እስራኤል ጋር የነበራቸው ዝምድና ግን፣ ሟች አይወቀስም እንጂ፣ የሩቅ ነበር። የጎንደርን ግንቦች ካነጹት አባቶቻችን አንዳንዶቹን ሸልመዋል። ርስታችንን ግን ነገሥታቱ ቀደም ብለው ነጥቀውን ነበርና አብዛኞቻችን በሰው መሬት ጭሰኛ ሆነን ኖርን፤ መሬት የሌለው ማዕረግ ደግሞ ለሠርግ የተዋሱት ካባ ነው። ባላባት መንገድ ላይ ሲያጋጥመን ከበቅሎ ወርደን እጅ መንሣት ነበረብን። በቅሎ ስላልነበረን ነገሩ ቀሎልናል።

አሟሟታቸው ድንገተኛ አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በፎልስዋገን ከቤተ መንግሥት ሲወሰዱ ሟች አልጋ ያዙ። ኅዳር 14 ቀን ደርግ ስድሳ ያህል ባለሥልጣናትንና መኳንንትን ያለ ፍርድ ረሸነ፤ በዚህ ላይ አልቀልድም። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ እህል ውሃቸው አለቀ። መጋቢት ላይ ዘውዱ ሲሻር አብረው አረፉ።

ነታኒያ በ1929 እ.ኤ.አ. ስትቆረቆር ሟች በሙሉ ጤንነት ላይ ነበሩ፤ ለምረቃው የጠራቸው ግን የለም። እኛ ስንመጣም በር ላይ ቀሩ። ለያንዳንዳችን ባለ 9 አኃዝ የመታወቂያ ቁጥር ታደለን፤ አንዲት ለግላጋ ጸሐፊም ግራዝማቹን አያት እንደ እኩያዋ በስማቸው ጠራቻቸው። ቅጹ ላይ ለግራዝማችነት የተተወ ቦታ አልነበረም።

ለሐዘን የመጡትን ፈረንሳውያን ጎረቤቶቻችንን እናመሰግናለን። እነሱ የራሳቸውን በ1790 ቀብረው በ1808 ናፖሊዮን አስነሥቶባቸዋልና፣ አፈሩን ጠበቅ አድርጉት ብለውናል።

ከሟች ወራሾች አንዷ ወይዘሮ ናቸው። ድሮ ለነገሥታት ዘር ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ በሄፍጺባ ሰፈር ያልደረሱበት ቤት የለም። ሊቀ መንበርም ደህና ናቸው፤ አንዳንድ ማኅበር ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው ይገኛሉ። የልጅ ልጅ በበኩሉ በእስራኤል ጦር ሴረን፣ ማለትም ሻምበል፣ ሆኗል። ይህ ማዕረግ በዕብራይስጡ መጽሐፍ ሳምሶንን ያስያዙት የፍልስጥኤም መኳንንት የሚጠሩበት ነው። ቄሶቻችን ይህን ሲሰሙ የሚሉትን እዚህ ድንኳን ውስጥ መድገም አይገባም።

ንፍሮው ቀርቧል። ማን ቀድሞ ይነሣ በሚለው ላይ ሊቃነ መናብርቱ እየተመካከሩ ስለሆነ ጥቂት ታገሡን።