ለቢራቢሮ የተደገሰ ድግስ

ሃይፋ ላይ የአበባ ሽንኩርት የሚተከለው በበልጉ ሳይሆን በጥቅምትና በኅዳር፣ ቀርሜሎስ ተራራ የክረምቱን ዝናብ ሲጠብቅ ነው። ሙያው ብዙም አያስቸግርም። የሽንኩርቱን ቁመት ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ቆፍሮ፣ ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ መቅበር ነው። ቢራቢሮ መጠበቁ ነው ጣጣው።

በተራራው ወገብ ላይ ጠባብ ጓሮ ያላቸው አንድ ኢትዮጵያዊ ጡረተኛ በቀዩ ካላኒት ጀመሩ። ካላኒት እ.ኤ.አ. በ2013 የእስራኤል ብሔራዊ አበባ ሆኖ ተመርጧል። ከዱር ነቅሎ ማምጣት በሕግ ክልክል ስለሆነም ከችግኝ መሸጫ ገዙ። አበባው ፈካ፤ እንግዳውም ከተፍ አለ። ጥንዚዛ!

ነገሩ ለሃይፋ ዩኒቨርሲቲ አዲስ አይደለም። የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ አሞጽ ዳፍኒ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት፣ ጎድጎድ ያሉ ቀይ አበቦች ዋና ደንበኛቸው ጥንዚዛ መሆኑን አሳይተዋል። ጥንዚዛው ብናኙን ይበላል፣ እዚያው ይጣመራል፣ የቤት ኪራይ አይከፍልም።

ቀጥሎ የተተከለው በባሕሩ ዳር አሸዋ ላይ የሚበቅለው ሽታው የሚያውድ ነጭ አበባ ነበር። እሱ ደግሞ የሚከፈተው ወደ ማታ ነው፤ ደንበኛውም ነፋስ ጋብ ሲል በጨለማ የሚመጣ ትልቅ የእሳት እራት ነው። ድግሱ በደመቀበት ሰዓት ጡረተኛው ዜና ያያሉ።

የተረፈውን ሽንኩርት ፍልፈል ጨረሰው።

የቀርሜሎስ ፍልፈል ዓይኑ በቆዳ የተሸፈነ ዕውር ነው፤ ግን ሽንኩርትና ሥራሥር ከሥር ጎትቶ ጎተራ መሙላት ይችልበታል። ኤቪያታር ኔቮ የመሠረቱት የሃይፋ የዝግመተ ለውጥ ተቋም ይህን እንስሳ ለዐሥርት ዓመታት አጥንቷል፤ ከ20 ዓመት በላይ መኖሩና ካንሰርን መቋቋሙ ሳይንቲስቶችን ያስደንቃል። የጡረተኛው ባለቤት ግን አልተደነቁም። «አንተ ሰው፣ ለማን ነው የምታርሰው?» አሉ።

ባለቤትየዋ ለቡና ብለው በቆርቆሮ ጣሳ የተከሉት ጤና አዳም ነበር፤ ማንም ቢራቢሮ ይጠራል ያላለው። አንድ ቀን ቢጫና ጥቁር፣ የኋላ ክንፏ እንደ ጅራት የሾለ ቢራቢሮ መጥታ ቅጠሉን በእግሯ ቀመሰችና አንድ በአንድ እንቁላል ጣለች። ለራሷ የትኛውም አበባ ማር ይበቃታል፤ ለልጆቿ ግን ጤና አዳም ወይም እንስላል ወይም የዘመዶቻቸው ቅጠል ካልሆነ አይሆንም።

አባጨጓሬው ሲፈለፈል የወፍ ኩስ ይመስላል። ሲያድግ አረንጓዴ ይሆንና ጥቁር ቀለበትና ብርቱካናማ ነጥብ ያወጣል። ለቡናው አንድ ዘለላ ሊቀጥፉ እጃቸውን ሲሰዱ፣ ከአንገቱ ሥር እንደ ሹካ የተሰነጠቀ ብርቱካናማ ቀንድ አውጥቶ የሚከረፋ ሽታ ለቀቀባቸው።

አሁን ጣሳው ሁለት ሆኗል፤ አንዱ የቡና፣ አንዱ የአባጨጓሬ። አባጨጓሬው ግን ክፍፍሉን አልተቀበለም።