ይድረስ ለእማዬ፦ ስለ ብርዱ፣ ስለ ቆጣሪውና ስለ ምጣዱ ገንዘብ

ለንደን፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፤
መካነ ሰላም።

እኔ ከናፍቆትሽና ከጋዝ ሂሳብ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምልከው ለገና ወደ አገር በሚገባ መንገደኛ እጅ ነው። በስልክ ልንገርሽ ብል «ምነው ድምፅህ ሰለለ፣ አመመህ እንዴ?» ትዪና ወሬው ሁሉ ሕመም ይሆናል። ድምፄን ያሰለለው ብርዱ ነው፤ አብሽሪ። የምታነብላት አንተ ታናሽ ወንድሜ፣ አንዲት ቃል እንዳትዘል። ቅንፍ ውስጥ ያለውን ግን ለራስህ ብቻ አንብበው።

ባለፈው ስንደዋወል ሁለት ነገር ጠይቀሽኝ ነበር። አንደኛው ለኤሌክትሪክ ምጣድ የሚሆን ገንዘብ ነው። ሁለተኛው «ለንደን ተቀምጠህ ገንዘብ እንዴት ያጥርሃል?» የሚለው ነው። ከሁለተኛው ልጀምር።

እዚህ አገር ቤት የሚሞቀው በጋዝ ነው። ጋዝ ስልሽ ላምባ እንዳይመስልሽ፤ እንደ ውኃ በቧንቧ እቤት ድረስ የሚመጣ ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቦይለር የሚሉት ነገር ውኃውን ያግለዋል፤ የጋለው ውኃ በየክፍሉ በተተከለ ብረት ውስጥ እየዞረ ቤቱን ያሞቀዋል። ጭስ የለው፣ አመድ የለው፣ «እፍ» ማለት የለበት። ተንኮሉም እዚሁ ላይ ነው። ኩበት ሲነድ ክምሩ ሲጎድል ዓይንሽ ያየዋል፤ ጋዝ ግን የሚጎድለው ባንክ ቤት ነው።

ያሳለፍነው ዓመት የካቲት ትዝ ይልሽ እንደሆነ፣ በ13ኛው ቀን በጉባ የህዳሴው ግድብ የመጀመሪያው ተርባይን ዞረ። ያ ከእናንተ በታች በገደሉ ውስጥ የሚያልፈው አባይ፣ በሽሎን ጨምሮ የወሎን ውኃ ይዞ ወርዶ፣ 375 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ማሽን ማሽከርከር ጀመረ። እዚህ ያለን ሐበሾች ጨፈርን። በአራተኛው ቀን ሩሲያ ዩክሬንን ወረረች። አውሮፓ የምትሞቀው በብዛት በሩሲያ ጋዝ ኖሮ፣ ቀድሞም የተወደደው ጋዝ ጭራሽ ሰማይ ወጣ። እናንተ ዘንድ መብራት የሚያመጣ ነገር በተከፈተበት ሳምንት እኛ ዘንድ የሚያጠፋው ተጀመረ ማለት ነው።

አንቺ ቁጥር ስለምትወጂ እነሆ ቁጥር። ኦፍጌም የሚባል ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አለ፤ ለጋዝና ለመብራት የዋጋ ጣሪያ ያወጣል። ጣሪያው ለአማካይ ቤት በዓመት 1,277 ፓውንድ ነበር። በመጋቢት መጨረሻ 1,971 ሆነ። ነሐሴ 20 ቀን ደግሞ «ከመስከረም 21 ጀምሮ 3,549 ይሆናል» ተባለ። ያን ቀን አውቶቡስ ውስጥ የማይተዋወቁ እንግሊዞች ተነጋገሩ፤ ነገሩ ምን ያህል የከፋ እንደሆነ ከዚህ ዕወቂው።

ጳጉሜን 3 ቀን አዲሷ ጠቅላይ ሚኒስትር ሊዝ ትረስ ፓርላማ ቆመው «2,500 ላይ እንገታዋለን፤ የቀረውን መንግሥት ይሸፍናል» አሉ። በዚያው ቀን ንግሥት ኤልሳቤጥ ስላረፉ የጋዙን ነገር ልብ ብሎ የሰማ የለም። ጠቅላይ ሚኒስትሯም ሁለት ወር ሳይሞላቸው ወረዱ። ሂሳቡ ግን እስካሁን ሥልጣን ላይ ነው።

አብሮኝ የሚኖር አንድ ጎንደሬ ይህን አዋጅ ሲሰማ ደስ አለው። «እንግዲህ ከ2,500 በላይ ላይጠይቁን ነው! ከፈለግን ሌሊቱንም እናንድደው!» ብሎ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው አዞረው፤ ገላውንም ሲታጠብ መዝሙር ጨርሶ ሌላ ይጀምራል። ጣሪያ የተባለው የእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ እንጂ የሰው ጠቅላላ ሂሳብ አለመሆኑን ያወቀው የወሩ ደብዳቤ ሲመጣ ነው። አሁን መዝሙሩን ከመታጠቡ በፊት ይጨርሳል።

ይባስ ብሎ ምንም ሳታነጂ የምትከፍዪው አለ። ቆጣሪው ግድግዳ ላይ ስለተቀመጠ ብቻ፣ ለጋዙና ለመብራቱ በቀን ወደ 75 ፔንስ ያስከፍላሉ። ፍም ለሌለው ምድጃ ግብር እንደ መክፈል ነው።

«እሺ ጋዙስ ተወደደ፣ በነፋስ የሚመጣው መብራት ለምን አብሮ ተወደደ? ነፋስ ከሩሲያ ይገዛል እንዴ?» ብለሽ እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ፤ እኔም ጠይቄአለሁ። የገበያ ቀንን አስቢ። የአካባቢው ገብስ አልበቃ ብሎ የመጨረሻው ጆንያ ከሩቅ በመኪና ተጭኖ ቢመጣና በውድ ቢሸጥ፣ ከጓሮው ያመጣው ሰውዬም በዚያው ዋጋ ካልሆነ አልሸጥም ይላል። እዚህም ለመብራቱ የመጨረሻው ጆንያ አብዛኛውን ጊዜ ጋዝ ነው፤ ነፋሱም ዋጋውን ከጋዙ ይማራል።

አሁን ወደ ምጣድ። እዚህ የአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት መብራት ዋጋ 34 ፔንስ ነው፤ በባንክ ምንዛሪ ከ20 ብር ያልፋል። እናንተ ዘንድ ታሪፉ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ከፍ ብሎም ለመኖሪያ ቤት ከ2 ብር ከ50 ሳንቲም አላለፈም፤ ጥቂት ለሚጠቀም ድሃማ በሳንቲም የሚቆጠር ነው። (ወንድሜ፣ አንተ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ስለምትማር ሒሳቡን ሥራው። ምጣድ በሰዓት ከሦስት ተኩል እስከ አራት ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። እኛ ቤት ሁለት ሰዓት ከተጋገረ ሁለት ፓውንድ ተኩል ገደማ ነው፤ ከ150 ብር በላይ ማለት ነው፤ ጤፉን ሳይጨምር። ይህን ለእማዬ ከነገርካት እንጀራ ትቼ ዳቦ እንድበላ ትለምነኛለች።)

ወጥ ቤታችን ውስጥ ከቆጣሪው ጋር የሚነጋገር ትንሽ ስክሪን አለ። ጥቂት ስትጠቀሚ አረንጓዴ፣ መካከለኛ ሲሆን ቢጫ፣ ሲበዛ ቀይ ያበራል። ምጣዱ የተሰካ ዕለት ቀይ ሆኖ ይውላል። ከቤቱ ሰው አንዱ እንጀራ እየጋገረ ሌላው ስክሪኑን ይጠብቃል፤ ቀይ ሲሆን «ኧረ አውጪው፣ በስሏል!» ይላል። በዚህ ምክንያት ዓይን ያላወጣ እንጀራ መብላት ከጀመርን ሰነበትን።

አንድ የሚያስቅሽ ልንገርሽ። መስከረም 26 ቀን ናሽናል ግሪድ፣ የዚህ አገር መብራት አስተላላፊ፣ «ነገሩ እጅግ ከከፋ በክረምቱ በአንዳንድ ቀን ለ3 ሰዓት መብራት ልናጠፋ እንችላለን» አለ። አገሩ ተሸበረ። ሻማ የሚገዛ፣ ባትሪ የሚገዛ፣ በቴሌቪዥን የሚከራከር በዛ። ሦስት ሰዓት! ያውም አስቀድሞ ተነግሮ! እናንተ ጋ መብራት ሲሄድ «መቼ ይመጣል?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ብቻ ነው። ደግሞ ከኅዳር ወዲህ፣ ሰው ሁሉ በሚጠቀምበት በምሽቱ ሰዓት መብራት ለቀነሰ ቤት ገንዘብ የሚሰጡ ኩባንያዎች አሉ። ባለመጠቀም የሚከፈል ከሆነ የመካነ ሰላም ሕዝብ እስካሁን ስንት ውዝፍ አለው!

ሰሞኑን በረዶ ጥሎ መንገዱ ሁሉ ነጭ ሆነ። ቤተ መጻሕፍቱና ቤተ ክርስቲያኑ «ቤቱ የቀዘቀዘበት ሰው እዚህ መጥቶ ይሙቅ» ብለው በራቸውን ከፍተዋል፤ ሻይም ያቀርባሉ። አሮጊቶቹ ሹራባቸውን ይዘው መጥተው ሲጨዋወቱ ይውላሉ። ጋዜጦቹም «ቤቱን ሳይሆን ሰውን አሙቅ» የሚል ምክር እንደ አዲስ ግኝት አትመው ያወጣሉ። አንቺ በለጋምቦ በኩል የሚወርደው ውርጭ ሲመጣ በርኖስ ደርበሽልን፣ ሦስታችንን በአንድ ባና ጠቅልለሽ፣ የጎረቤቱን ሁሉ በአንድ ፍም ዙሪያ አስቀምጠሽ ከአቦል እስከ በረካ ስታሞቂ አንድ ጋዜጠኛ እንኳን አልመጣም።

ስለ እኔ ግን አትስጊ። የምሠራው አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው፤ እዚያ ማሞቂያ አይጠፋም። ስለዚህ የሌሊት ፈረቃ ሲጎድል ቀድሜ እጄን አወጣለሁ። አለቃዬ «እንዲህ ያለ ታታሪ አይቼ አላውቅም» ትለኛለች፤ እኔም ዝም ብዬ እሞቃለሁ። በመንገደኛው እጅ በመልሱ አንድ በርኖስ ላኪልኝ። ከዚህ ወደዚያ ዕቃ ሲላክ እንጂ ከዚያ ወደዚህ ሙቀት ሲላክ ያየ ባይኖርም፣ ጉምሩክ ካልከለከለ ይግባ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄሽ ቀረ። ይህን ሁሉ ያወራሁት ገንዘቡን ለመከልከል መስሎሽ ከሆነ ተሳስተሻል፤ ምጣዱ ይገዛል። አንቺ ኩበት ጠፍጥፈሽ፣ ጭራሮ ለቅመሽ ማሳደግሽን ቁጠባ ብለው እዚህ ያወድሱት ይሆናል። እኔ ግን ምጣድ በተጣደ ቁጥር ዓይንሽን በነጠላሽ ጫፍ ስትጠርጊ አስታውሳለሁ። ያ ጭስ ሂሳብ ነበር፤ ደረሰኝ ስላልነበረው ማንም አልቆጠረልሽም። እኔ ለቆጣሪዬ በፓውንድ እከፍላለሁ፤ አንቺ በዓይንሽና በሳንባሽ ስትከፍይ ኖረሻል፤ ያንቺው ይብሳል። ማገዶም ቢሆን ከየት ይመጣል? የደንቆሮ ጫካ ዛሬ የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ የቀይ ቀበሮና የጭላዳ ቤት እንጂ የእኛ ምድጃ አይደለም።

ሁለት ነገር ብቻ አደራ። ምጣዱ ብዙ የሚበላው እስኪግል ድረስ ነው፤ ከጋለ ወዲያ ዝም ብለሽ አታጥፊው። ጎረቤቶቻችን እነ ሐጂም፣ ከታች ያሉትም ሊጣቸውን ይዘው ይምጡና በአንድ ሙቀት በየተራ ጋግሩ፤ ሂሳቡን ተካፈሉት። ሁለተኛ፣ የድሮውን ምጣድና ጥቂት ኩበት አትጣዪ። መብራት እንጀራው መሐል ላይ ሲሄድ ግማሹ ብስል፣ ግማሹ ሊጥ ሆኖ እንዳይቀርብሽ።

አባባን፣ እትዬን፣ ሐጂንና ቤተሰቡን፣ የንስሐ አባቴን፣ «ልጅሽ ምን ላከልሽ?» እያለ የሚጠይቅሽን ሰው ሁሉ ሰላም በይልኝ። ለመጨረሻው «34 ፔንስ ስንት እንደሆነ ጠይቀው» በይልኝ።

የሚወድሽ ልጅሽ።

(ወንድሜ፣ ገንዘቡ በስምህ ባንክ ገብቷል። ምጣዱን ከመሰካትህ በፊት ባለሙያ ጠርተህ ወፍራም ሽቦ በተለየ መስመር አስገባለት፤ በአምፖሉ መስመር ከሰካኸው ቤቱ ይቃጠላል። ገንዘቡ ስልክ ቢገዛ ደግሞ ወሬው ከአንተ ቀድሞ ለንደን ይደርሳል። ደረሰኙን ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ እዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ ደረሰኝ ሳላይ እንቅልፍ አይወስደኝም።)