ትናንት ተኝተሻል?

ተረት ተረት፤ የመሠረት።

በሰሜን ተራሮች፣ በሳንቃበር አፋፍ ላይ አንዲት ጭላዳ ወለደች። እኩዮቹ ከእናቶቻቸው ጀርባ ወርደው ሣር መንጨት ሲጀምሩ የእሷ ልጅ አልወረደም። ሲጠሩት አይዞርም፤ ያሳዩትን ቶሎ አይዝም። ማታ መንጋው ነብር ፈርቶ ወደ ማደሪያው ገደል ሲወርድ፣ ራሷን ሊያክል የደረሰውን ልጅ አዝላ በቋጥኙ ላይ እየተንፏቀቀች ትወርዳለች።

ጭላዳ ማለዳ ፀሐይ እየሞቀ ይቃመላል። ፍቅሩም፣ ወሬውም፣ እርቁም እዚያው ነው። እሷ ስትቀርብ ግን ወሬው ይቋረጣል። «የማን ኃጢአት ይሆን?» ይንሾካሾካሉ። ደግ የሚባሉት ደግሞ «አይዞሽ፣ እግዜር ለሚችለው ነው የሚሰጠው» ይሏታል። ይህን ቃል አልወደውም፤ ተናጋሪው ብሎት ይሄዳል፣ ልጁ ከጀርባዋ አይወርድም።

እያደር መቅረቡን ተወችው። የሚቃምላት አጥታ ጠጉሯ ተድበለበለ፤ ሣሩ አልወርድ አላት፤ ሌሊት ዓይኗ አልከደን አለ። አንድ ሌሊት «ፈጣሪዬ፣ ከእኔ በፊት ውሰደው» ብላ ጸለየች። ወዲያው በገዛ ጸሎቷ ደንግጣ ልጇን እቅፍ አድርጋ እስኪነጋ አለቀሰች። ያስጸለያት «ከእኔ በኋላ ማን ያዝለዋል?» የሚለው ጭንቀት ነበር።

በማግሥቱ ከሩቅ አገር የመጣ ቁራ አፋፉ ላይ አረፈ።

እናቲቱን ከመንጋው ተለይታ ሲያያት፣ «ሰዎችም ዘንድ እንዲሁ ነው» አለ። «ልጁን ጓዳ ዘግቶ የሚያሳድግ አለ። አዲስ አበባ ላይ ግን ዘሚ የኑስ የተባሉ እናት ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን አልደብቅም አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የተባለ ማዕከል ከፈቱ። ሌሎች እናቶችም ልጆቻቸውን ይዘው መጡ።»

ይህን የሰማች አንዲት አሮጊት ጭላዳ ተነሥታ ወደ እናቲቱ ሄደች። ስለ ልጁ አንድም ነገር አልጠየቀችም።

«ልጄ፣ ትናንት ተኝተሻል?»

«እትዬ፣ ከተኛሁ ቆየሁ።»

«በይ አምጪው።»

ልጁ ጮኸ፤ ነከሳትም። አሮጊቷ በአንድ እጇ እንዳቀፈችው፣ በሌላው የእናቱን ጠጉር ትፈታ ጀመር። ከድብልብሉ ውስጥ ቆዳዋ ላይ የተተከለ እሾህ አገኘች፤ በጥርሷ ነቀለችላት። እናቲቱም እዚያው ፀሐይ ላይ እስከ ቀትር ተኛች።

ልጁ አልተለወጠም። ዛሬም ገደል አይወርድም።

«የነገው ተራ የማን ነው?» አለች አሮጊቷ።

ወጣቶቹ መሬት መሬቱን ሲያዩ፣ መንጋው መኖሩን እንኳ የማያውቀውን ልጅ ያዘለች ሌላ እናት ከዋሻ ብቅ አለች።

«ተራውን እገባለሁ» አለች፤ «መጀመሪያ ግን እኔንም ተኝተሻል ወይ በሉኝ።»