ሰዓት ከማትገፋው ከተማ

ፊኒክስ፣ አሪዞና

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

 

ባለፈው በስልክ ያልሽኝ ነገር ሲከነክነኝ ሰነበተ። «እኅትህ ራት ሳይቀርብ ትደውላለች፤ አንተ ግን ትዝ የምልህ ሰው በልቶ ሊተኛ ሲል ነው» አልሽኝ። እማዬ፣ ሁለታችንም የምንደውለው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ነው! እሷ ያለችበት ዴንቨርና የእኔ ፊኒክስ «የተራሮች ሰዓት» በሚሉት በአንዱ ቀጠና ውስጥ ናቸው። በገና ሰሞን ስንደውል አንቺ ጋ ለሁለታችንም ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። መጋቢት ሲጠባ ግን ዴንቨሮች ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደፊት ይገፉና እስከ ጥቅምት መገባደጃ አይመልሱትም። ያኔ የእሷ 4 ሰዓት አንቺ ጋ ከምሽቱ 1 ሰዓት ይሆናል። ፍቅሯ ጨምሮ እንዳይመስልሽ።

«ፀሐይዋንስ ማን ገፋት?» እንደምትዪ አውቃለሁ። ማንም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን «9 ነው» ይላሉ፤ አለቀ። የማለዳው ብርሃን ሰው ተኝቶ ከሚያልፍበት ለማታ ይትረፍ ነው ነገሩ። የሚገፉት ደግሞ ሁልጊዜ ለእሁድ አጥቢያ ስለሆነ፣ ዴንቨር ቅዳሴ ያረፈደ ሁሉ «ሰዓቱ ተቀይሮ ነው» ይላል፤ የእኛ ሰው ይህን ምክንያት እስከ ፋሲካ ያደርሰዋል።

የአሜሪካ መንግሥት በፈረንጆች 1966 ሁሉም ሰዓቱን በአንድ ቀን እንዲገፋ በሕግ ሲያዝ፣ የማይፈልግ ክፍለ ግዛት መቅረት ይችላል ብሎ በር ተወ። አሪዞና በ1967 ሞከረችው፤ በ1968 ይቅርብኝ አለች። እኔ በሙሉ ልብ ከአሪዞና ጋር ነኝ። እዚህ በሰኔ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 1፡40 ግድም ነው፤ ሰዓቱ ቢገፋ 2፡40 ሊሆን! በ2023 ክረምት የቀኑ ሙቀት በተከታታይ 31 ቀን ከ43 ዲግሪ አልፏል። እንዲህ ያለችን ፀሐይ ማን «ትንሽ ቆዪ» ይላታል? እኛ መስኮት ጋርደን የምትሄድበትን ነው የምንጠብቀው።

ጉዱ ያለው ግን ወደ ሰሜን ነው። ናቫሆ የሚባሉት የአገሩ ነባሮች ምድራቸው አሪዞናን፣ ኒው ሜክሲኮንና ዩታን ይነካል፤ ወገናቸው በሁለት የተለያየ ሰዓት እንዳይከፈል ብለው አሪዞና ውስጥም ይገፋሉ። ሆፒዎች ደግሞ ዙሪያቸውን በናቫሆ ተከበው ሳለ እንደ አሪዞና ንክች አያደርጉትም። የእኔ መኪና ጭነት የምታመላልሰው በእነዚህ መሐል ነው። ሰዓት በሚገፋባቸው ወራት ከፍላግስታፍ ተነሥቼ የናቫሆዎቹ ቱባ ሲቲ ስገባ ስልኬ አንድ ሰዓት ይዘላል። አስፋልቱን ተሻግሬ የሆፒዎቹ ሞይንኮፒ ስደርስ ይመለሳል። ከዚያ በሆፒና በናቫሆ መንደሮች መሐል ሲዘልና ሲመለስ ቆይቶ ጋናዶን አልፈን ኒው ሜክሲኮ ስንገባ አደብ ይገዛል። ስልኩ ከጎረቤት ምሰሶ ኔትወርክ ከሳበማ ቆመሽም ሰዓትሽ ይለወጣል።

ስለዚህ እዚያ ቀጠሮ የያዘ ሰው ሁሉ መጀመሪያ «በማን ሰዓት?» ብሎ ይጠይቃል። አንዱ ዕቃ ተረካቢ «አርፍደሃል» ብሎ ሲቆጣኝ፣ ከጀርባው የነበረው ባልደረባው «ኧረ ገና ነው፣ ቀድሟል» አለው። እነሱ ይህን ሲጨቃጨቁ እኔ ቡናዬን ጠጣሁ። እማዬ፣ ለሐበሻ ቀጠሮ እንዲህ የተመቸ አገር አላየሁም! የሠርጌን ነገር ደጋግመሽ ትጠይቂኝ የለ? ካገባሁ አዳራሹን የምከራየው እዚያ ነው።

አንቺ ብቻ የግድግዳ ሰዓትሽን እንዳትነኪ። ጎረቤት «ላስተካክልልሽ» ቢልም አትፍቀጂ። እስከ ጥቅምት ድረስ እኅቴን ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ እኔን 2 ሰዓት ጠብቂ። የእሷ ስልክ ራት የሚያሳርርብሽ ከሆነ ለእሷ ንገሪያት እንጂ እኔን አትውቀሺኝ።

ሰው ካገኘሽ በርበሬና ሽሮ ላኪልኝ፤ በዴንቨር በኩል ግን አይምጣ፣ እኅቴ ግማሹን ታስቀረዋለች።

ልጅሽ