ለተከበረው የቪዛ ክፍል፣ ከቅመም ተራ



ስማችሁን አልጠራም፤ ከአውሮፓ ኤምባሲዎች የአንዱ ቪዛ ክፍል መሆናችሁን እናንተም እኔም እናውቃለን። አገራችሁ ቀርቼ ብርድ እንዳይመታኝ ስላሰባችሁልኝ በቅድሚያ አመሰግናለሁ።

ጥሪው የነጋዴ ሴቶች ዓለም አቀፍ ጉባኤ ነበር። ከማኅበራችን የባንክ ሥራ አስኪያጅ፣ ጠበቃ፣ አስመጪ እና መርካቶ እርድና ኮረሪማ የማከፋፍለው እኔ አብረን አመለከትን። ፎርሙን ጠበቃዋ ሞላችልን፤ ኢንሹራንሱም ሆቴሉም ተያዘ።

አሻራ ላይ ደረስን። ጣቴን መስታወቱ ላይ ባሳርፍ ማሽኑ ጮኸ። ብደግምም ጮኸ። ዕድሜ ልኩን እርድ ሲለቅም የኖረ ጣት ቢጫ ነው፤ መስመሩም ተፍቆ አልቋል። ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ልጅ፣ የአገሬ ሰው፣ በዕድሜ የልጄ እኩያ፣ «አንቺ፣ ታጥበሽ ነይ!» አለኝ፤ ሰልፈኛው በሙሉ ሰማ። ታጥቤ መጣሁ። «መርካቶ ሳሙና ጠፋ እንዴ?» አለና መስታወቱን በአልኮል ወለወለው፤ ከዚያ አፍንጫውን ያዝ አድርጎ ሳቀ። ከኋላዬ የቆሙትም አጀቡት። እኔም፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ አብሬያቸው ፈገግ አልኩ። ቪዛ ፈላጊ አይደለሁ?

ምኑ ነው የሚያስቀው? በዚህ እጅ ልጆች አሳድጌያለሁ፤ በዚህ እጅ ግብር ከፍያለሁ! የማንም መሳቂያ አይደለሁም!

ይቅርታ፣ ወደ ጨዋ ደንቤ ልመለስ።

የባንክ ሂሳቤ ሳስቶባችኋል። ገንዘቤ እቁብ ላይ ነው፤ ገና አልወጣልኝም። እቁቧ ሳይወጣላት አገር ጥላ የምትጠፋ የመርካቶ ሴት አለች ብሎ መጠርጠር የእናንተ ሊቃውንት ብቻ የሚደርሱበት ጥበብ ነው። ሱቄም የቀበሌ ቤት ስለሆነ ካርታ የለኝም። በዱቤ የወሰዱብኝን ሰዎች መዝገብ ባሳያችሁ እንደምመለስ በገባችሁ ነበር፤ ለዱቤ ግን ፎርማችሁ ቦታ የለውም። መልሳችሁ በአንዲት ትንሽ ሳጥን ውስጥ ምልክት ሆኖ መጣ፦ ጊዜዬ ሲያበቃ መውጣቴ ያጠራጥራል። ሦስቱ ሄዱ፤ እኔ ቀረሁ።

መንግሥታችን ተመላሾችን በመቀበል አልተባበረም ተብሎ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት የእኛን የቪዛ መጠበቂያ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ማራዘሙን ሰምቻለሁ። እሱ የመንግሥታት ጉዳይ ነው፤ ልለፈው። የእናንተ ሰዎች ግን ቪዛቸውን በኢንተርኔት ጨርሰው መርካቶ ይመጣሉ፤ በርበሬዬን ሳያስፈቅዱኝ ፎቶ ያነሳሉ። የአንዳቸውንም እጅ አላሸተትኩም።

80 ዩሮ የነበረው ክፍያ በዚያው ዓመት ሰኔ 90 ሆኗል፤ «አይመለስም» የሚል ጽሑፍም አለበት። መርካቶ ውስጥ ዕቃ ሳያስረክብ ገንዘብ የያዘ ነጋዴ ፖሊስ ይጠራበታል። 90 ዩሮዬን መልሱልኝ።